«ሰው መርዳት እፈልጋለሁ» ለምትሉኝ ልጆች

ዩኒቨርሲቲ ልትገቡ ስትሉ የምትነግሩኝ ነገር ይመሳሰላል፤ «ሳይኮሎጂ ማጥናት እፈልጋለሁ፣ ሰው መርዳት ደስ ይለኛል።» ደስ ይላል። «ፖለቲካል ሳይንስስ?» ስላችሁ ግን ፊታችሁ ይለወጣል። ቤት ውስጥ የተነገራችሁን አውቃለሁ፤ ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ። ወላጆቻችሁ ይህን የሚሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም፣ ያዩትን አይተው ነው። እኔ ግን ሁለቱን አንድ ላይ እንድታስቡባቸው ልጎተጉታችሁ ነው።

ብዙ ዘመን የሠራሁት ከዓረብ አገር ከተመለሱ ሴቶች ጋር ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ፣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ሁሉም ታመው አልመጡም። አንዳንዶቹ ግን እንቅልፍ የላቸውም። በር ሲንኳኳ ይበረግጋሉ። በራሷ ስም ስትጠራ ዝም የምትል፣ አሠሪዎቿ ባወጡላት ስም ስትጠራ ዞር የምትልም አለች።

ሳይኮሎጂ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። «አይዞሽ፣ አልፏል» ከማለት በፊት መስማትን ያስተምራል። ቤተሰብ ጸበል ልውሰዳት ሲል ከመጣላት ይልቅ፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እንድትሄድ መነጋገርን ያስተምራል። (መድኃኒት የሚያዘው የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ሰፈር ውስጥ «የእብድ ሐኪም» መባላችሁ ግን አይቀርም፤ ልመዱት።)

ልጅቷ ይሻላታል እንበል። እንቅልፏ ይመለሳል፣ ትስቃለች። ከዚያ ታናሽ እህቷ ፓስፖርት ታወጣለች። እዚህ ላይ የሳይኮሎጂ መጽሐፋችሁ ያልቃል።

ለምን ትሄዳለች? ለምንስ እንደ እህቷ ትጎዳለች? በብዙ የዓረብ አገሮች ካፋላ የሚባለው አሠራር የቤት ሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስረዋል። ተበድላ ከዚያ ቤት ብትጠፋ ሕገወጥ የምትሆነው እሷ ናት። ስለዚህ በር ሲንኳኳ የሚያስበረግጋት ነገር ግማሹ ሕግ ነው። የእኛም አገር እጅ አለበት። በዚያው በ2006 መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ጉዞው ግን አልቆመም። በደላላ፣ በጅቡቲ ኦቦክ፣ በየመን በኩል ቀጠለ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ። ስምንተኛ ክፍል መጨረስን፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫን፣ ከተቀባይ አገር ጋር ስምምነት መኖሩን ጠየቀ። እገዳው የተነሳው በ2010 ነው። በመሀል የተጓዘችው ልጅ ሕጋዊ መንገድ አልነበራትም ማለት ነው። እኛ ጋ ስትመጣ «ለምን በሕጋዊ መንገድ አልሄድሽም?» ብሎ የሚቆጣት ባለሙያ አይቻለሁ። ጋዜጣ ቢያነብ ኖሮ አይጠይቃትም ነበር።

ሌላም ልጨምር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች፣ በሕጻናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ብርድ ልብስ ማደል ትችላለህ፤ ለምን በረዳቸው ብለህ መሟገት ግን አትችልም። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪተካ ድረስ ብዙ ድርጅት ወይ ሥራውን ቀየረ ወይ ዘጋ። ያኔ ጎበዝ ጎበዝ አማካሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ፣ ከአንቀጹ ጋር መከራከር የሚችል ሰው ከመሀላችን በጣት የሚቆጠር ነበር።

ስለ ዝንባሌያችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችሁ ሳይኮሎጂ የምትመርጡት ራሳችሁ ተጎድታችሁ ስለምታውቁ ነው። ነውር የለውም። ብቻ ቁስላችሁን ባለጉዳይዋ ላይ አታክሙ፤ ለራሳችሁም አማካሪ ፈልጉ። የምትረዷትን ሴት ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ የሚያምራችሁ ከሆነ ግን፣ ከልቤ ነው፣ ሌላ ሙያ ፈልጉ።

የትምህርት ክፍል ድልድል እንደ ምርጫችሁ ላይሆን ይችላል። አንዱ ከደረሳችሁ የሌላውን ኮርስ ገብታችሁ ስሙ፣ መጽሐፉን ተዋሱ። ስታትስቲክስን አትሽሹ። በጀት ማንበብ ልመዱ፣ ማን እንደተረሳ ቶሎ የሚታየው እዚያ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለሚታተም ለቋንቋም ይጠቅማችኋል። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ተማሩ፤ ከጅማና ከአርሲ የመጣችን ልጅ በአስተርጓሚ ማማከር ለእሷም ለእናንተም ከባድ ነው።

ለቤተሰብ ደግሞ ፖለቲካ ማጥናት ፓርቲ መግባት እንዳልሆነ አስረዱ። ደሞዙን መጠየቃቸው አይቀርም። ትንሽ ነው። ብዙው ሥራ የፕሮጀክት ኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ወንበሩም ያልቃል። ሁለተኛ ዲግሪ ስትይዙ ትንሽ ይሻሻላል። እስከዚያው አብራችሁ የምትሠሩት የማስተማርም ይሁን የትርጉም ሥራ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው።