«ሚስትረስ» ብላ ጽፋለች፤ ላጥፋው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ የወንድ ቃላት ደርድሮ «የሴቱን ጻፉ» ብሏቸዋል። እሷም «ማስተር» በሚለው አንጻር «ሚስትረስ» ብላ ጻፈች። ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ባየው «ውሽማ» ይላል። ደነገጥኩ። ይቅር ወይስ ላጥፋው?
እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳታጠፊው። ልጅሽ ልክ ናት። ስልክሽም አልተሳሳተም።

«ሚስትረስ» ድሮ የቤት እመቤት ማለት ነበር። ሠራተኛ የምታዝዝ፣ የምታስተምር ሴትም እንዲሁ ትባል ነበር። ከ«ማስተር» ጋር መነሻቸው አንድ ነው፤ ላቲን። «ሚስ»ም «ሚሲስ»ም የተቆረጡት ከዚችው ቃል ነው። የወንዱ ቃል ክብሩ እስከ ዛሬ አልተነካም። እኛም አገር ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሁሉ «ማስተርስ አለኝ» ይላል። የሴቷ ግን ወርዳ ወርዳ ውሽማ ላይ ደረሰች። ይሄ ነገር ያበሳጨኛል።

ደግሞ ብቻዋን አይደለችም። «ጋቨርነር» አገር ያስተዳድራል፤ «ጋቨርነስ» ሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች ታስተምራለች። «ባችለር» ላጤ ነው፣ ምንም ነውር የለበትም። የሱ ጥንድ «ስፒንስተር» ግን ቆማ ቀረች እንደ ማለት ሆና ትሰማለች። የቃሏን መነሻ ብታውቂ ታዝኛለሽ፤ ፈታይ ማለት ነበር። እንዝርት ይዛ በእጇ ሥራ የምታድር ሴት! በኋላ የእንግሊዝ ሕግ ላላገባች ሴት መጠሪያ አደረገው፤ ከዚያ ወደ ስድብ ተጠጋ። እንግሊዝና ዌልስ ሁለቱንም ቃላት ከጋብቻ መዝገብ አውጥተው ለሁለቱም ጾታ «ሲንግል» ማለት የጀመሩት በ2005 ነው፣ በፈረንጆቹ።

መጨረሻው ላይ ያለችው «ስተር» በጥንቱ እንግሊዝኛ የሴት ምልክት ነበረች። በመዝገበ ቃላቱ የምናውቀው «ዌብስተር» የሚለው የቤተሰብ ስም መነሻው ሴት ሸማኔ ነው። «ባክስተር»ም ሴት ዳቦ ጋጋሪ። ዛሬ ይህን የሚያስታውስ ስንቱ ነው?

በተቃራኒው የሄደ ቃልም አለ። «ዊዶ» ባሏ የሞተባት ናት፤ ሚስቱ የሞተችበት «ዊዶወር» የሚባለው ከሷ ቃል ላይ ተቀጥሎ ነው። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። አንዷ ልጅ ይህንኑ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። በወንዱ ረድፍ «ዶክተር»፣ በሴቱ «ነርስ» ብላ አጣምራለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ እርሳሱን አስቀመጠና «ወንድሜ ጤና ጣቢያ ነርስ ነው እኮ!» አለ። እውነቱን ነው። ሁለቱም ቃላት ጾታ የላቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ልጆቻችን ዝርዝሩን ሲሸመድዱ ማን ከማን እንደሚያንስም አብረው እየሸመደዱ ነው።

ስለዚህ «ሚስትረስ» ደብተሩ ላይ ይቀመጥ፤ ፈተና ላይ ቢመጣም ይህንኑ ትጻፍ። ግን ቁጭ በይና ዛሬ ሰው ሲሰማው ምን እንደሚመስለው ንገሪያት። አስተማሪዋን «ሚስትረስ» ብላ እንዳትጠራ። ላላገባች ሴት «ስፒንስተር» አትበል፤ «ሲንግል» ይበቃል። ለማታውቃት ሴት ደብዳቤ ስትጽፍ ደግሞ «ሚዝ» ትበል። ይህ መጠሪያ በ1901 አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ በሐሳብ ደረጃ ቀርቦ ነበር። የተስፋፋው ግን በ1970ዎቹ ነው፣ ሴቶች ታግለውለት። «ሚስተር» አግብቶ ይሁን አላግብቶ ማንም አይጠይቀውም። «ሚዝ»ም እንደዚያው ናት። ፎርም ላይ «ሚስ ወይስ ሚሲስ» የሚል ሳጥን ሲገጥማት፣ ሦስተኛዋ ካለች እሷን ትምረጥ።