ስኳሩ ከውሃው ከበለጠ አሟሚው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። መምህራችን «የሚያንሰው ሟሚ (ሶሉት)፣ የሚበዛው አሟሚ (ሶልቨንት)» ብለው አጻፉን። እናቴ ግን ለዒድ ባቅላባ ስትሠራ ሁለት ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልታ አሟሟች። ታዲያ አሟሚው ስኳሩ ሊሆን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ጥሩ ቦታ ላይ ነው ዓይንሽ ያረፈው። አሟሚው ውሃው ነው። የመምህርሽ አባባልም ስህተት አይደለም፤ የሚሠራው ግን ሁለቱም ፈሳሽ፣ ወይም ሁለቱም ጋዝ ሲሆኑ ነው። የእጅ ማጽጃ አልኮል 70 በመቶ ከሆነ አሟሚው አልኮሉ፣ ሟሚው ውሃው ነው። ሁልጊዜ ውሃ ነው አሟሚ ብሎ መሸምደድ የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው።

ጠጣርና ፈሳሽ ሲገናኙ ግን ማን በዛ አትበይ። ማን እንደነበረ ቀረ በይ። ስኳሩ ጠጣር ነበር፣ ጠጣርነቱን አጣ፤ ውሃው ፈሳሽ ነበር፣ አሁንም ፈሳሽ ነው፣ ስለዚህ ስኳሩ የቱንም ያህል ቢበዛ ሟሚነቱ አይቀርም። 20 ዲግሪ ላይ እንኳ 100 ግራም ውሃ 200 ግራም ገደማ ስኳር ይችላል፣ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ ለዚህ ነው እናትሽ ያፈላችው። ጨው እንደዚያ አይደለም። ለዚያው ውሃ 36 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ የተረፈው ሥሩ ይዘቅጣል።

በነገራችን ላይ ውሃ ውስጥ የገባ ሁሉ ሟሚ አይደለም። ቦርከና ክረምት ላይ ደፍርሶ ሲወርድ አይተሽ ከሆነ ያ አፈር አልሟሟም፣ በባልዲ ቀድተሽ ብታስቀምጪው አብዛኛው ይዘቅጣል። ቡና ላይ የሚጨመረውን ጨው ግን ብትጠብቂም፣ በነጠላ ብታጠልዪም አታገኚውም።

ደግሞ ውሃ የማይችለውን ዘይት ይችላል። የበርበሬው ቀይ ቀለም በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ በዘይትና በቅቤ ግን ይሟሟል፤ ወጥ ሲበስል ከላይ የሚንሳፈፈው ዘይት የሚቀላውም ለዚህ ነው። ቤት ሞክሪው፦ አንድ ቁንጥር በርበሬ ውሃ ላይ፣ አንድ ቁንጥር ዘይት ላይ ጣይና አሳድሪው። ጠዋት በርበሬው ከዘቀጠ በኋላ የሁለቱን ቀለም አስተያዪና ጻፊልን።