አንጋፋው ቦክሰኛ ወጣቱን ግዙፍ ይችለዋል? ጥያቄና መልስ

አርባ ዓመት የተጠጋ ወይም ያለፈው ቦክሰኛ በዕድሜ ከእሱ የሚያንስና በጉልበት የሚበልጠው የከባድ ሚዛን ተጋጣሚ ሲመጣበት ምን ተስፋ አለው? የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ በዚህ ዙሪያ ናቸው። ዓመተ ምህረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ ሳታወላውል ንገረን። ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም?

አብዛኛውን ጊዜ አያሸንፍም። ብር አስይዝ ብትሉኝ በወጣቱ ነው የማስይዘው። ግን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። በቀላል ሚዛን ፍጥነት ከሄደ ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል። በከባድ ሚዛን ግን አንድ ንጹህ ቡጢ የዘጠኝ ዙር ድካምን ገደል ይከታል። የሽማግሌው ዕድል ያለው እዚያች አንዷ ቡጢ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜ ሲገፋ ቀድሞ የሚከዳው ምንድን ነው?

እግር። አንጋፋው ቡጢው ሲመጣ ያየዋል። ወዴት መሸሽ እንዳለበትም ያውቃል። እግሩ ግን አይታዘዝለትም፤ ግማሽ እርምጃ ይዘገያል። ያቺ ግማሽ እርምጃ ናት አገጩን የምታስመታው።

ቀጥሎ ትንፋሽ ነው። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ልብ በደቂቃ መምታት የሚችለው ከፍተኛ መጠን ይቀንሳል። በዙሮች መካከል ያለችው የ1 ደቂቃ እረፍት ደግሞ ለሁለቱም እኩል ናት። በአራተኛው ዙር መጨረሻ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ልብ ብላችሁ እዩት። ክንዶቹን ገመዱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ አሰልጣኙ ሲያወራው ዓይኑ ሌላ ቦታ ከሆነ ነገር ተበላሽቷል። የጡጫ ክብደት ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ጆርጅ ፎርማን በ45 ዓመቱ ሻምፒዮን አልሆነም እንዴ? ታዲያ ዕድሜ ምን አገባው?

ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አዎ፣ ሆኗል። ህዳር 5 ቀን 1994 ላስ ቬጋስ ላይ ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ዘረረው። ሙረር 26 ዓመቱ ነበር፤ ግራኝ፣ ፈጣን፣ ያልተሸነፈ። ግን እስቲ ፍልሚያውን እንደገና እዩት። ፎርማን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ነበር። ፊቱ አብጧል። ያደረገው ነገር ቢኖር ጃቡን (በፊት እጅ የሚላከውን ቀጥተኛ ቡጢ) እየላከ፣ እየተመታ፣ ሙረርን ፊት ለፊቱ ማቆም ነው። የሙረር አሰልጣኝ ቴዲ አትላስ ከፎርማን ቀኝ እጅ ራቅ በል እያለ ልጁን ሲወተውተው ነበር። ልጁ አልሰማም፤ ቆመ። አንድ አጭር ቀኝ አገጩ ላይ አረፈችና አለቀ።

ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ፎርማን ከ1977 እስከ 1987 ከመድረክ ርቆ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ጭንቅላቱን ማንም አልመታውም። ስለዚህ ስለ አንድ ቦክሰኛ ስትጠይቁ ዕድሜውን ብቻ አትጠይቁ፤ ስንት ከባድ ፍልሚያ አልፏል ብላችሁ ጠይቁ። አርባ አምስት ዓመትና አርባ አምስት ዓመት ይለያያል። (ያን ቀን የለበሰው ቁምጣ በ1974 ኪንሻሳ ላይ በመሐመድ አሊ ሲዘረር የለበሰው መሆኑን ያወቅኩ ቀን ሰውየውን ይበልጥ ወደድኩት።)

ጥያቄ፦ አሊን ግን ላሪ ሆልምስ ተጫወተበት። እሱስ ልምድ አልነበረውም?

ልምድማ ሞልቶታል። ጥቅምት 2 ቀን 1980 አሊ 38 ዓመቱ ነበር። ክብደቱን ቀንሶ፣ ቆዳው ጠርቶ ሲመጣ ብዙ ሰው ተታለለ፤ ድሮ የምናውቀው አሊ መሰለ። ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ከዚያ በፊት የታይሮይድ መድኃኒት ሲወስድ ቆይቷል፤ ጉልበቱ ከውሃው ጋር ወጥቷል። ሆልምስ ደግሞ የአሊ የልምምድ አጋር የነበረ ልጅ ነው፤ እያንዳንዷን ተንኮል ያውቃታል። ከ10ኛው ዙር በኋላ የአሊ አሰልጣኝ አንጄሎ ደንዲ ፍልሚያውን አስቆመው። በበኩሌ ያን ፍልሚያ ደግሜ ማየት አልችልም።

ከዚያ ዙሩ ለሆልምስ ደረሰ። ጥር 1988 ላይ እሱም በ38 ዓመቱ ከ21 ዓመቱ ታይሰን ጋር ገጠመ። በ4ኛው ዙር ተዘረረ።

ጥያቄ፦ ወጣቱ ግዙፍም ከሆነስ? ክብደት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ከባድ ሚዛን በአብዛኛው ከ90.7 ኪሎ በላይ ነው፤ ጣሪያ የለውም። ስለዚህ 100 ኪሎ ያለው 120 ኪሎ ካለው ጋር ሊገናኝ ይችላል። ጉዳቱ ቡጢው ላይ ብቻ አይደለም። ግዙፉ ሲተቃቀፉ ሸክሙን አንገትህ ላይ ይጥልብሃል፤ በዚያው እግርህን ይጨርሰዋል።

ግን ግዙፍ ሁሉ አያስፈራም። በ2008 ኢቫንደር ሆሊፊልድ በ46 ዓመቱ 2.13 ሜትር ከሚረዝመው ሩሲያዊ ኒኮላይ ቫሉዬቭ ጋር 12 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ ተባለ። ካየነው ብዙዎቻችን ሆሊፊልድ ነው ያሸነፈው ብለናል። ሐምሌ 2025 ደግሞ የ38 ዓመቱ ዩክሬናዊ ኡሲክ የ27 ዓመቱን እንግሊዛዊ ዱቧን በ5ኛው ዙር ዘረረው። ኡሲክ ግን እግሩ ገና አልሄደም። እሱን አይታችሁ ሌላውን ሽማግሌ አትመኑ።

ጥያቄ፦ አንተ አሰልጣኙ ብትሆን ምን ትለዋለህ?

መጀመሪያ፣ ገመድ ላይ አትደገፍ። አሊ በ1974 ፎርማንን ገመድ ላይ ተደግፎ ያሸነፈው በ32 ዓመቱ ነው፤ አንተ ብትሞክረው ትቀበራለህ።

ሁለተኛ፣ ሆዱን ምታ። ትልልቅ ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ይበላል። ጡንቻማ ልጅ ከአምስት ዙር በኋላ ሊደክም ይችላል፤ ቀድመህ ጎኑን ካሳመምከው ደግሞ ፈጥኖ ይደክማል። ጃብ፣ ጎን፣ መተቃቀፍ፣ ዞር ማለት። ዳኛው እስኪያላቅቃችሁ አንተ ተንፍስ።

ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፤ ሲንገዳገድልህ አትጠብቀው። ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዌምብሌይ ላይ፣ 90 ሺህ ሰው ፊት፣ የ41 ዓመቱ ቭላድሚር ክሊችኮ የ27 ዓመቱን አንቶኒ ጆሽዋን በ6ኛው ዙር ጣለው። ልጁ ሲነሳ እግሩ አልጸናም፤ ዓይኑ ፈዟል። ክሊችኮ ምን አደረገ? ተጠነቀቀ። ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ ብሎ ጃብ ይልካል። ልጁ ትንፋሹን መልሶ በ11ኛው ዙር በአፐርከት (ከታች ወደ ላይ በሚላክ ቡጢ) አናወጠውና ዳኛው አስቆመው። እኔን ዛሬም ያናድደኛል! ለሽማግሌ ሁለተኛ ዕድል አይመጣም እኮ።

ጥያቄ፦ የታይሰንና የዩቲዩበሩ ጄክ ፖል ፍልሚያስ?

ከቁም ነገር አትቁጠሩት። የ58 ዓመት ታይሰን፣ የ2 ደቂቃ ዙር፣ ወፍራም ጓንት። ታይሰን ሁለት ዙር ታየ፤ ከዚያ እግሩ ቆመ። ከላይ ያልኩትን ያሳያል፤ ሌላ ቁም ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ 43 ዓመቴ ነው። ጂም ውስጥ 20 ኪሎ የሚበልጠኝ የ25 ዓመት ልጅ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) እንግጠም ይለኛል። ልሞክረው?

ወንድሜ፣ ቀስ ብሎ ከሆነ ሞክር፤ በሙሉ ኃይል ከሆነ ወይ ፍንክች በል። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል ትንሽ ይኮማተራል፤ ከራስ ቅሉ ጋር ያለው ክፍተት ይሰፋል። በመካከል ያሉት ደም ሥሮች ተወጥረው ስለሚቆዩ በምት ሊበጠሱ ይችላሉ። የራስ መከላከያ ከቁስል ያድንሃል እንጂ አንጎልህን ከመንቀጥቀጥ አያድነውም። መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ከልጁ ጋር በአሰልጣኝ ፊት ተስማሙ፤ ጭንቅላት በቀስታ፣ አካል በግማሽ ኃይል። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማህ በዚያኑ ደቂቃ አቁም፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦ አንድ ቦክሰኛ ማለቁን ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው?

የልምምድ አጋሮቹ። ትናንት የማያገኙትን ሰው ዛሬ ያገኙታል። ግን ደመወዝ የሚከፍላቸው እሱ ስለሆነ አይነግሩትም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። ፍልሚያው ከስድስት ዙር ካለፈ ለማን ይጠቅማል?

ለወጣቱ። ሽማግሌው ጎኑን ሲመታው ከቆየና ልጁ እጁን ዝቅ ማድረግ ከጀመረ ግን ቴሌቪዥኑን አትዝጉ።