ድንኳኑን ሰው ደጅ ትከሉት

እህቴ፣ «በጥቅምት ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ልንመጣ ነው፤ አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ብናድር የት ይሻላል? ለልጆች አያስፈራም ወይ? ምን እንያዝ? ምንስ እንጎብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኛ የምንኖረው ጅማ ነው። ሁለት ዓመት ተከታትለን በጥቅምት ልጆቻችንን ይዘን በለጤ ጫካ አድረናል። የመጀመሪያው ሌሊት ጭንቅ ነበር። ሁለተኛውን ልጆቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል።

በለጤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይሆናል። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና። በመጀመሪያው ዓመት ሰው የማያየን ቦታ ፈልገን ወደ ውስጥ ገባን። ዛፍ ሥር ድንኳን ተክለን፣ ራት በልተን፣ ደስ ብሎን ተኛን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትንሿ ልጄ ጮኸች። ባትሪ ሳበራ ድንኳኑ ውስጥ ጉንዳን ይተራመሳል። ልጆቹን አቅፈን ወደ መኪናው ሮጥን። ከፀጉራቸውና ከልብሳቸው ጉንዳን ስንለቅም ነጋ።

ጠዋት አንድ አባት በዚያ ሲያልፉ አዩን። ልጆቹን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ቤት እያለ ለምን ጫካ?» አሉን። ቤታቸው ወስደው ቡና አፈሉልን፤ ለልጆቹም ወተት ሰጡ። ያኔ ነው የገባኝ። በለጤ ባዳ ለሆነ ሰው ባለቤት የሌለው ጫካ ይመስላል። ግን ቡናው የማን እንደሆነ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ደኑን የሚጠብቁት ገበሬዎችም በማኅበር የተደራጁ ናቸው።

ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄድን። ስኳርና ሳሙና ይዘን ነበር። ድንኳኑን ግቢያቸው ውስጥ ተከልን። ዙሪያውን የምድጃ አመድ በተኑልን፤ ጉንዳን አመድ አይወድም አሉ። እውነትም ያን ሌሊት አንድም አልመጣም። ማታ ጅብ ሲጮህ ልጆቹ ፈርተው ነበር፤ የቤቱ ውሻ አጠገባቸው ሲተኛ ግን ተረጋጉ።

የእሁዱን ጠዋት ምንም አይተካውም። ጥቅምት ላይ የቡናው ፍሬ መቅላት ይጀምራል። ልጆቼ ቡና የሚያውቁት ተቆልቶ ነው። የቀላውን ብቻ ለይተው እንዲለቅሙ አሳይተዋቸው ቅርጫት ሰጧቸው። ትልቁ ልጄ ፍሬውን ልጦ ሲቀምሰው «ይጣፍጣል እኮ!» አለ። ከላያችን ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ ያ ነጭ ፀጉሩ እንደ ነጠላ ይርገበገባል። ግን አደራ፣ ልጆቹ ሳያስፈቅዱ አንድ ፍሬ እንዳይቀጥፉ። የሰው የዓመት ልፋት ነው። ቀፎ ካለበት ዛፍ ሥርም ድንኳን አትትከሉ።

ምን እንያዝ ላልሽው፦ ጅማ ጥቅምት ላይም ዝናብ ሊያገኛችሁ ይችላል፤ እንደ አዲስ አበባ ቶሎ አይለቅም። ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ላስቲክ ያዙ። ከጋቢና ከቡልኮ በፊት ስፖንጅ ፍራሽ አስቡ፤ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ለልጆቹ ቦቲ ጫማ። ምግቡን አታብዙት፤ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና ድፎ ዳቦ ይበቃል። ጀበና ባትይዙም ቡና አታጡም። በየደጁ «ኮታ፣ ቡና ዱጋ» ይሏችኋል፤ በኦሮምኛ ኑ ቡና ጠጡ ማለት ነው። እምቢ አትበሉ።

የግልገል ጊቤን ግድብ ዳርቻ የመከሩሽ አሉ። ውሃው ያምራል። ግን ከክረምት በኋላ ያሉት ወራት የወባ ጊዜ ናቸው፤ ቦታውም ዝቅ ያለ ነው። ከልጆች ጋር እዚያ ማደሩን አልመክርሽም። በመንገዳችሁ ላይ ቀን አይታችሁ እለፉ።

ስለ ጉብኝቱ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተነስታችሁ ሁሉንም አየዋለሁ ማለት ልጆቹን ማድከም ነው። ከቻላችሁ አርብ ገብታችሁ ከተማ እደሩ። ቅዳሜ ጠዋት ጅሬን ውጡ፤ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታው ላይ ነው። የእንጨት ሥራውን ቀስ ብላችሁ እዩት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለምኒልክ ግብር ሊከፍሉ ተስማምተው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ። እኔ ይህን ለልጆቼ እዚያው ሰገነቱ ሥር ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ አልረሱትም። የንጉሡ ዕቃዎች ያሉት ከተማው ሙዚየም ነው፤ ዝናብ ከመጣ እዚያ ግቡ። ከዚያ ከምሳ በኋላ ወደ በለጤ። ሳይመሽ ድረሱ፤ ሰው ቤት በጨለማ ማንኳኳት ደግ አይደለም።

የቦዬን ረግረግ ማየት ብትፈልጉ እሁድ ወደ ከተማ ስትመለሱ ጎራ በሉ። ረግረጉ ለከተማው ቅርብ ነው፤ ወፉ ብዙ ነው። ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ ታያላችሁ፤ ከሩቅ ብቻ ግን። ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ሊበላ ከውሃ ይወጣል። ስለዚህ እዚያ ድንኳን የሚባል ነገር እንዳታስቡ።

የምትመጡበትን ሳምንት ቀድመሽ ጻፊልኝ። ለእኚያ አባት ደውዬ እንግዳ አለ እላቸዋለሁ። የእኛም ድንኳን አምስት ሰው ይይዛል፤ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ውሰዱት።