ፊቱ ከፍ ብሏል፣ ኋላውስ? ስለ ፒካፕ ባሌስትራ ጥያቄና መልስ

ፒካፓቸውን ከፍ ያስደረጉ ሰዎች ሰሞኑን ጥያቄ አብዝተውብኛል። አብዛኛው ስለ ኋላው ነው። አይገርምም። ፊቱን ማንሳት ብዙ ጋራዥ ያውቅበታል። ኋላው ግን ጭነት ተሸካሚው ነው፤ ፍሬኑም ካርዳኑም አንዱን ሲነኩት አብረው ይነካሉ። የጠያቂዎቼ መኪና በብዛት ሃይሉክስ ስለሆነ የምናገረው ስለ እሱ ነው። ኋላው ባሌስትራ (ቅጠል የሚባሉ የተደራረቡ ቅስት ብረቶች ያሉት ስፕሪንግ) የሆነ ሌላ ፒካፕ ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ከሐዋሳ፦ ቪጎ ደብል ጋቢና አለኝ። ፊቱን 5 ሴንቲ አስነሳሁት። አሁን ኋላው የተቀመጠ ይመስላል። አንዱ መካኒክ «ብሎክ እናስገባ» ይለኛል፣ ሌላው «ቅጠል እንጨምር» ይላል። የቱን ልስማ?

ሁለቱንም ከመስማትህ በፊት ሜትር ያዝ። ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብለህ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። ከመሬት አትነሳ፣ የጎማው ነፋስ ያታልልሃል። አራቱንም ጻፍ። አንዴ ባዶውን፣ አንዴ የዘወትር ጭነትህን ጭነህ።

ፒካፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፊቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ጭነት ሲያርፍበት ቀጥ እንዲል ነው። አንተ ፊቱን ስታነሳ ያቺን ልዩነት በላሃት። ኋላው አልወረደም፣ ፊቱ ደረሰበት እንጂ። ስለዚህ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ፣ ባሌስትራውም ባዶውን ጥሩ ቅስት ካለው፣ ጤነኛ ነው። እስከ 5 ሴንቲ ብሎክ፣ ማለትም በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የሚገባ ማንሻ ቁራጭ፣ ይበቃሃል። ባዶውን እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ከተኛ ግን ደክሟል። ከደከመ ባሌስትራ ስር ብሎክ ብታስገባ ቁመት ታገኛለህ፣ ጉልበት አታገኝም። የጫንክ ዕለት ያው ይተኛል።

ቅጠል መጨመር ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ገደማ ያነሳል፤ ያጠነክራልም። ሁልጊዜ ዕቃ ለሚጭን ጥሩ ነው። ባዶውን ለሚነዳ ሰው ግን ኮብልስቶን ላይ ወገብ ይቆርጣል። የሚጨመረው ቅጠል ረጅም ይሁን። አጭሩ ጫፉ ባረፈበት ቦታ ዋናውን ቅጠል ያስጨንቀዋል፣ ስብራትም የሚጀምረው እዚያ ነው።

አቅሙ ካለህ የእኔ ምርጫ ሙሉ አዲስ ባሌስትራ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ይህን ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ስንት ሴንቲ እንደምትፈልግ ብቻ አይጠይቁህም። «በቋሚነት ስንት ኪሎ ትጭናለህ?» ይሉሃል። ለባዶ የሚሆነው ሌላ፣ ለ300 ኪሎ የሚሆነው ሌላ ነው። ጋራዥህም ይህን ካልጠየቀህ አንተ ቀድመህ ንገረው።

ከአዳማ፦ 5 ሴንቲ ብሎክ አለኝ። ሌላ 5 ብደርብበትስ?

በጭራሽ! ብሎክ በብሎክ ላይ አይደረብም። ብሎኩ በረዘመ ቁጥር ነዳጅ ስትረግጥም ፍሬን ስትይዝም አክስሉ ባሌስትራውን ይጠመዝዘዋል። ሁለት ሆነው ሲደራረቡ ደግሞ መሃላቸው ይንሸራተታል።

አንዱንም ስታስገባ ጎንበስ ብለህ እይ። ብሎኩ ከላይ ቀዳዳ፣ ከታች ጥርስ አለው። የባሌስትራው የመሃል ቡሎን ራስ ቀዳዳው ውስጥ፣ ጥርሱም አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ቁጭ ማለት አለበት። ካልተቀመጠ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል፣ መኪናውም ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት አዲስና በልኩ የረዘመ ይሁን። አንዴ ተስቦ የጠበቀ ዩ ቦልት ተፈትቶ ተመልሶ አይታሰርም። ከእንጨት ወይም ከተበየደ ላሜራ የተሠራ ብሎክ የሚያስገባልህ ካለ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ከደብረ ብርሃን፦ ልጄ፣ የእኔ አሮጌ ሃይሉክስ ነው። ኋላውን ካስነሳሁት ወዲህ ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑ ፊቱን ብቻ የሚይዝ ይመስለኛል። ሸራ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

ጋሼ፣ ጥፋቱ የሸራው አይመስለኝም። ይህን ጥያቄ ስላነሱልኝ ደስ ብሎኛል፤ መኪና ሲነሳ በብዛት የሚረሳው ይሄ ነው።

ከመኪናው ስር የሚገባ ሰው ያግኙና ከኋላ አክስሉ በላይ ሻንሲው ላይ ይመልከትልዎት። የፍሬን ቱቦ የሚገባበት ትንሽ ብረት አለ። ከእሱ ረጅም ክንድ ወጥቶ አክስሉ ላይ ይታሰራል። ሥራው ጭነትን መለካት ነው። ሲጭኑ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ክንዱ ይነሳል፣ ለኋላ ጎማዎችም ተጨማሪ የፍሬን ግፊት ይለቀቃል። ባዶ ሲሆን ክንዱ ይወርዳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ አለበለዚያ ባዶው ኋላ ቶሎ ተቆልፎ ይንሸራተታል።

አሁን ኋላው ተነስቷል። ሻንሲው ከአክስሉ ስለራቀ ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እርስዎ ጭነው እየሄዱ ብረቱ «ባዶ ነው» ብሎ ያምናል። የኋላ ፍሬንዎ የተራበው ለዚህ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ክንዱ አክስሉ ላይ የሚታሰርበትን መያዣ መኪናው በተነሳበት ልክ ከፍ ማድረግ ነው። 5 ሴንቲ ከተነሳ 5 ሴንቲ። ክንዱ ዝጎ ደርቆ ከሆነም መላላት አለበት። ጣርማበርን ጭነው የሚወርዱ ከሆነ ይህ ሳይስተካከል አይውረዱ።

እግረ መንገዱን የኋላውን የፍሬን ጎማ ቱቦ ይይልዎት። ኋላው በክሪክ ተነስቶ አክስሉ ሲንጠለጠል ቱቦው ከተወጠረ አጥሯል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ካስነሳሁት በኋላ ከቆመበት ስነሳ ይንቀጠቀጣል። ፍጥነት ሲይዝ ይተዋል።

ካርዳኑ ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ቁልቁለቱ ጨምሯል። ደብል ጋቢና ከሆነ ካርዳኑ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁራጭ ነው፤ መሃሉን ሻንሲው ላይ የታሰረ ኩሽኔታ ይዞታል። ኋላው ሲነሳ ይህ ኩሽኔታ ከፋብሪካ ቦታው አልተነቃነቀም፤ የሁለተኛው ቁራጭ አንግል ግን ጨመረ። መነሻ ላይ ጉልበት ሲመጣ የምትሰማው መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ይሄ ነው። ኩሽኔታውን በቁራጭ ብረት በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

ረጅም ሻክል አስገብተህ ከሆነ ጣጣው ሌላ ነው። ሻክል ማለት ባሌስትራውን ከኋላ በኩል ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ብረቶች ናቸው። እነሱ ሲረዝሙ ባሌስትራው ያጋድላል፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫም ቀና ይላል። የምታገኘው ከፍታ ደግሞ የጨመርከው ርዝመት ግማሽ ብቻ ነው። 5 ሴንቲ ጨምረህ 2.5 ሴንቲ! እኔ አልወደውም። አፍንጫውን ለማስተካከል በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል የሚገባ ሽብልቅ ብረት አለ። አክስሉ ከባሌስትራው ስር ከሆነ ወፍራሙ ጎን ወደ ኋላ ሲዞር አፍንጫው ቀና ይላል፣ ወደ ፊት ሲዞር ያቀረቅራል። አንግሉን በስልክህ መለካት ትችላለህ። ካምቢዮው የሚወጣበትና ዲፈረንሻሉ የሚቀበልበት አንግል እኩል መሆን አለባቸው፤ ልዩነቱ ከ1 ወይም 2 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

መንቀጥቀጡ በፍጥነት ላይ ከሆነ ግን ከማንሳቱ ጋር ላይገናኝ ይችላል። የካርዳኑን መገጣጠሚያ ክሮቸራና የጎማውን ባላንስ አስቀድመህ አስፈትሽ።

ከባሕር ዳር፦ እስከ 8 ኩንታል እጭናለሁ። ባሌስትራውን ትቼ የአየር ባሎን ባስገባ?

ባሎን ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አጋዥ ነው። ባሌስትራ ክብደቱን በሁለት ጫፉ ለሻንሲው ያካፍላል። ባሎን ግን ከአክስሉ በላይ አንዲት ቦታ ላይ ይገፋል። በደከመ ባሌስትራ ላይ ባሎኑን ነፍተህ ዕቃውን ከአክስሉ ኋላ ብትከምር ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ይታጠፋል። ከዚያ ወዲያ የሚጠግነው የለም ብትል ይሻላል። መጀመሪያ ባሌስትራውን ለጭነቱ የሚሆን አድርግ፣ ከባዱን ዕቃ ወደ ጋቢናው አስጠጋ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የመጫን አቅም ማንሳትም ባሎንም አይጨምርልህም።

ከጅማ፦ ባሌስትራዬን አስቀጥቅጬ ቅስቱን ባስመልሰውስ? አዲስ መግዛት አልቻልኩም።

እህቴ፣ ይቻላል፤ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ብረቱ ጉልበቱን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ሞቆ በልክ ቀዝቅዞ ነው። በእሳት አግሎ የሚያጎብጥልሽ ሰው ያን ልክ ካልጠበቀ ብረቱ ወይ ይለሰልሳል ወይ ይሰበራል። በቀዝቃዛው በመዶሻ የሚመታው ይሻላል፤ ቀስ በቀስ ግን ተመልሶ ይተኛል። ሶማሌ ተራ ወርዶ ያልደከመ ያገለገለ ባሌስትራ መፈለግም አንድ መንገድ ነው። ስትገዢ ግራና ቀኙ ከአንድ መኪና የወጡ ይሁኑ፣ የቅጠሉን ቁጥርና ውፍረትም አስለኪ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ የ2010 ታኮማ አለኝ። ፊቱን አነሳሁት፣ ኋላው ተኝቷል። ጓደኛዬ «ፖሊስ ይይዝሃል» ይለኛል፤ እውነት ነው?

ሊሆን ይችላል። ፊቱን ሰቅሎ ኋላውን የማስቀመጥ ፋሽን እናንተ አካባቢ ብዙ አነጋግሯል። ሰሜን ካሮላይና በ2021 ከለከለች፣ ቨርጂኒያ በ2022 ተከተለች። የእናንተ ሕግ የፊት ባምፐር ከኋላው በ4 ኢንች፣ ማለትም በ10 ሴንቲ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንዲበልጥ ተደርጎ የተለወጠ መኪና አይነዳም ይላል። ሜትር አውጣና ለካ። ነገሩ የፖሊስ ጉዳይ ብቻም አይደለም። አፍንጫው ሰማይ ሲያይ ከፊትህ ያለው አስፋልት አይታይህም፣ መብራትህም የሌላውን ዓይን ያጠፋል።

ሌላም አለ። ቶዮታ በ2014 ከ2005 እስከ 2011 የተሠሩ 690 ሺህ ገደማ ታኮማዎችን በኋላ ባሌስትራቸው ስብራት ምክንያት ለጥገና ጠርቶ ነበር። የሻንሲ ቁጥርህን አስገብተህ ያንተ መኪና ተሠርቶለት እንደሆነ አረጋግጥ። ገንዘብህን ለብሎክ ከማውጣትህ በፊት።

ከድሬዳዋ፦ ሾክ አብዞርበሩን ሳልቀይር ማንሳት እችላለሁ?

እስከ 3 ሴንቲ ገደማ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ አክስሉን አንጠልጥለህ እይ። ባሌስትራው ሙሉ ሳይወርድ ሾኩ ቀድሞ ከተወጠረ አጥሯል፤ ጉድጓድ በገባህ ቁጥር አክስሉን የሚያንጠለጥለው ሾኩ ይሆናል፣ ብዙም አይቆይም። ረጅም ስትገዛ ደግሞ ሲታጠፍ ጥግ እንዳይመታ የታጠፈ ርዝመቱንም ጠይቅ።

ከመቀሌ፦ ሥራው አልቆ ተረክቤዋለሁ። ምን ልፈትሽ?

የባሌስትራው ዓይን ላይ ያሉት ቡሎኖች የጠበቁት መኪናው በጎማው ቆሞ እንደሆነ ጠይቅ። ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይበላል። የእጅ ፍሬኑን ሽቦና የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦ እይ፤ የተወጠረ ካለ ይለቀቅ። ማታ ግድግዳ ፊት አቁመህ የፊት መብራቱን አስተካክል። 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከነዳኸው በኋላ ዩ ቦልቶቹን በቶርክ ቁልፍ በድጋሚ አስጠብቅ። ጋራዡ «አያስፈልግም» ቢልህም አስጠብቅ።