ካምፐሩን ከካሶኒው ወይስ ከሻንሲው ጋር ልሰረው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ባለ አንድ ጋቢና ሂሉክስ አለኝ፤ ከመቂና ከባቱ ሽንኩርት እያመጣሁ አከፋፍላለሁ። በቅርቡ አገር ከሚለቅ ሰው ላይ ካሶኒ ላይ የሚጫን ካምፐር ገዛሁ። አልጋ፣ ምድጃና 80 ሊትር የውሃ ታንከር አለው። ሻጩ ባዶውን 450 ኪሎ ይመዝናል ብሎኛል። ሐሳቤ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ አድርጌ ዲንሾ መውጣት፣ ከተሳካም ሳነቲን ማየት ነው። የተቸገርኩት አስተሳሰሩ ላይ ነው። በያጁ «ከካሶኒው ጋር በይጄ ልገላግልህ» ይላል። ጓደኛዬ ስፖንዳው (የካሶኒው ግድግዳ) መንጠቆ ላይ የጭነት ቀበቶ ይበቃል ባይ ነው። አንድ መካኒክ ደግሞ ወለሉን በስተህ በአራት ብሎን እሰረው አለኝ። ሥራ ስጀምር ካምፐሩ መውረድ አለበት። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳትጭነው በፊት እንኳን ጠየቅክ። በአጭሩ ከሻንሲው፣ ማለትም ጋቢናውና ካሶኒው ከተቀመጡበት ዋና የብረት አጽም ጋር እሰረው። ካሶኒው ይሸከመው፣ ሻንሲው ይያዘው።

የበያጁን ምክር ተወው። ወጣ ገባ መንገድ ላይ ሻንሲ ይጠማዘዛል፤ ሲሠራም እንዲጠማዘዝ ሆኖ ነው። ጋቢናና ካሶኒ ተለያይተው የተቀመጡት፣ መሃላቸውም ክፍተት ያለው ለዚሁ ነው። ካምፐሩን በብየዳ ካደረቅከው ኃይሉ መሄጃ ያጣል። ያን ጊዜ የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ ብየዳው ራሱ ሳይሆን አጠገቡ ያለው፣ በሙቀት የተጎዳው ላሜራ ነው። ደግሞስ ሽንኩርቱ ሲደርስ በምን ልታወርደው ነው?

የጭነት ቀበቶም ለዚህ አይሆንም። ሰሌን ወይም ፍራሽ ለማሰር ጥሩ ነው። ግን ቀበቶ ይለጠጣል፣ ፀሐይ ይበላዋል፣ የብረት ጠርዝ ላይ ሲፈተግ ውሎ ሲያድር ይበጠሳል። ስፖንዳው ራሱ 1 ሚሊ ገደማ ላሜራ ነው። መንጠቆው የተሠራው ለሸራና ለቀላል ዕቃ እንጂ ግማሽ ቶን ቤት ለመያዝ አይደለም።

የመካኒኩ ሐሳብ ግን የሚናቅ አይደለም። ፎር ዊል ካምፐርስ የሚባለው የአሜሪካ አምራች ጣሪያቸው የሚታጠፍ ቀላል ካምፐሮቹን የሚያስረው እንደዚያ ነው፤ ባለቀለበት ብሎን የካሶኒውን ወለል አልፎ ይገባና ካምፐሩ ከውስጥ በመወጠሪያ ይያዛል። ያንተ ቁመቱ አጭርና ቀላል ቢሆን ኖሮ እኔም እሺ እል ነበር። ያኔም ቢሆን ከወለሉ ስር ትንሽ ሮንደላ ብቻ አይበቃም። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት ይገባል። አለዚያ ላሜራው በቀዳዳው ዙሪያ ቀስ በቀስ ይጎደጉዳል፣ ከዚያ ይቀደዳል።

ያንተን ካምፐር እስቲ እንደምር። 450 ብሎ የነገረህ ባዶውን ነው። ውሃው 80 ኪሎ ነው። ሲሊንደር፣ ምግብ፣ ብርድ ልብስ ሲጨመር 600 ይጠጋል። በዚያ ላይ የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫውን እዚህ ያስተከለው እሱው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 5 ካሬ ሜትር የሆነ የካምፐር ጎን ላይ ከ80 እስከ 100 ኪሎ የሚሆን ግፊት ያሳርፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። የአሰላ መንገድ ላይ ገላጣ ሜዳ ስትደርስ ከጎንህ የሚመጣብህ ይሄ ነው። ካምፐሩ ረጅም ስለሆነ ግፊቱ የሚያርፈው ከፍ ብሎ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ጎን ከስር ይነቅላል። ያንን ንቅለት ስስ ላሜራ እንዲይዝልህ አልመክርህም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሻንሲው በግራም በቀኝም፣ ከፊትና ከኋላ አራት የብረት ክንድ ወደ ጎን ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ቀለበት አለው። በያጁ የሚያስፈልግህ እዚህ ነው። ክንዶቹን መኪናው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ይበይድልህ። ሻንሲው ላይ ምንም እንዳይበየድ፤ በተለይ የላይና የታች ጠርዙ አዲስ ቀዳዳ እንዳይበሳ። ፋብሪካው የተዋቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በነሱ ተጠቀም። ብሎኑ 12 ሚሊ፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ይሁን። ከማጥበቅህ በፊት መኪናው ስር ተኝተህ በባትሪ እይ። የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ታንከርና ገመዶች በዚያው ያልፋሉ፤ አንዱም መቆንጠጥ የለበትም።

ከክንዱ ቀለበት እስከ ካምፐሩ ማዕዘን የሚያያይዘው መሃሉ ሲዞር የሚያጥር፣ ባለ ሁለት መንጠቆ መወጠሪያ ነው። የፊቶቹ ወደ ታችና ትንሽ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይሳቡ። እንዲህ ሲሆን ፍሬን ስትይዝም ዳገት ስትወጣም ካምፐሩ አይንሸራተትም። ቢያንስ የፊት ሁለቱ ላይ ጠንካራ ሞላ ይኑር፤ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ትንሽ ይለቅለታል። ጋቢናው ላይ ግን አንድም ነገር እንዳታስር።

መወጠሪያውን መጀመሪያ በእጅህ አዙረው እስኪይዝ ድረስ። ከዚያ በቁልፍ ጨምር፣ ሞላው ግማሽ በግማሽ እስኪጨመቅ። ከዚያ በላይ ካጠበቅከው የካምፐሩን ማዕዘን ትነቅለዋለህ። መቆለፊያ ዳዶውን አጥብቅና የባለቤትህን የጥፍር ቀለም ተውሰህ ከዳዶው እስከ ብሎኑ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምርበት። ዳዶው ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ቁልፍ ሳታነሳ በዓይንህ ታየዋለህ።

የካምፐሩን የራሱን ማሰሪያ ቀለበቶችም አትርሳ። ያገለገለ ዕቃ ነው። ቀለበቱ የተያዘበትን እንጨት በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው። ከገባልህ በስብሷል ማለት ነው፤ እሱ ሳይታደስ ምንም ዓይነት ሻንሲ አያድንህም። ወለሉ ላይ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፍ። የኋላ ስፖንዳውን አውልቀው።

ክብደቱን በሻጩ ቃል አትመን። ውሃና ዕቃው ተሞልቶ፣ ሦስታችሁም ገብታችሁ መኪናውን ሚዛን ላይ አውጣውና ሊብሬው ላይ ካለው የጭነት ልክ ጋር አስተያየው፤ የሰውም ክብደት ይቆጠራል። ባሌስትራ መጨመር መኪናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ፍሬኑንና አክሱን አያጠነክርም። ከባድ ዕቃ ሁሉ ከኋላ አክስ ወደ ፊት ይቀመጥ። ወደ ኋላ ካለፈ መሪው ዳገት ላይ ይቀልልሃል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ልጅህ «እንቅልፌ መጣ» ቢልም መኪናው እየሄደ ካምፐሩ ውስጥ እንዳይተኛ። ጋቢና ውስጥ፣ ቀበቶ አስሮ፣ በመሃላችሁ።

አዲስ የታሰረ ነገር በመጀመሪያው መንገድ ላይ መላላቱ አይቀርም። ኢተያ ስትደርስ ቁምና አራቱንም መስመር እይ፣ የላላውን አጥብቅ። አሰላ ላይ ድገመው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ዘይትና ውሃ ስታይ አብረህ እያቸው። ከጎባ ወደ ሳነቲ ከመውጣትህ በፊት ደግሞ የሻንሲውን ብሎኖች ጭምር በቁልፍ ሞክራቸው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ በብርድ መሃል፣ መኪና ስር መተኛት ከባድ ነው።