ሳጥን መደበቅና ሳጥን መፈለግ፦ ለጂኦካሺንግ ጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ጂኦካሺንግ ጥቂት ካወራሁ በኋላ ጥያቄው ስለበዛ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ የማውቀውን ያህል ልመልስ። ለማያውቁት ባጭሩ፦ አንድ ሰው ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ የስም መዝገብ ከትቶ አንድ ቦታ ይደብቃል። የቦታውን ኮኦርዲኔት (ቦታውን በቁጥር የሚያመለክተውን አድራሻ) ድረ ገጽ ላይ ያወጣዋል። ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ይፈልገዋል፣ ሲያገኘው መዝገቡ ላይ ፈርሞ በነበረበት መልሶት ይሄዳል። ሳጥኑ «ካሽ» ይባላል፤ ግን ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ስለሚምታታ እኔ «ሳጥን» እላለሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትል ነው። ፍለጋውን ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ የራሴ የደበቅኋቸው ሰባት ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይህ ጨዋታ ከየት መጣ? ለልጆች ነው ወይስ ለትልልቅ ሰዎች?

ለሁለቱም ነው። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ስለሚደርስ፣ በዚያ ሳጥን ቀርቶ ቤትም ማግኘት ያስቸግራል። ፕሬዝዳንት ክሊንተን ማዛባቱ እንዲቀር አዘዙና ሜይ 2 ቀን ቆመ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ፣ ከፖርትላንድ ወጣ ብላ በምትገኘው ቢቨርክሪክ፣ አንድ ባልዲ ደብቆ ኮኦርዲኔቱን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ባልዲው ውስጥ መዝገብና እርሳስ፣ መጻሕፍት፣ የቪዲዮ ካሴት፣ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበረበት። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሁለት ሰው አገኘው። ዛሬ የጨዋታው ዋና ድረ ገጽ ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሳጥኖች ተመዝግበዋል፤ አንታርክቲካ እንኳ አለ።

እኔን የያዘኝ ግን ታሪኩ አይደለም። ልጅ ሆነን «አኩኩሉ» ስንል «አልነጋም!» ብሎ የሚመልሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጆሯችንን እንደምናቆመው፣ ጫካ ውስጥ ቆሜ ዙሪያውን ስቃኝ ያው ስሜት ይመጣብኛል። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ይህን ማግኘቴ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ቦታ ሞከርኩ። ስልኩ «ደርሰሻል» ይለኛል፣ ግን ምንም የለም። ምን እያጠፋሁ ነው?

ምንም አላጠፋሽም እህቴ፣ ሁላችንም እዚያ ላይ ነው የምንጀምረው። ገላጣ ሜዳ ላይ የስልክ ጂፒኤስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ወይም በፎቆች መሀል 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። የደበቀው ሰውም ሲለካ እንዲሁ ስቶ ሊሆን ስለሚችል የሁለታችሁ ስህተት ይደመራል። ስለዚህ 10 ሜትር ገደማ ሲቀርሽ ስልኩን ኪስሽ ክተቺውና ቀና በይ። ቀስቱን እየተከተሉ መሽከርከር ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ ዓይንሽ ይሥራ። ቅርንጫፍ ከዛፍ ሲወድቅ ተደርድሮ አይወድቅም። አምስት እንጨት ጎን ለጎን ተጋድሞ ካየሽ የሰው እጅ አለበት። ድንጋይም እንዲሁ ነው፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ አፈር ይዟቸው አንዱ ብቻ ላላ ብሎ ከተቀመጠ አንሺው። ከዋናው መንገድ ወጥታ የትም የማትደርስ ቀጭን የእግር ዱካ ካለች፣ ካንቺ በፊት የመጡት የረገጧት ናት። ወደ ታች ብቻ አትመልከቺ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው በዓይን ልክ የተንጠለጠለውን ነው።

ከቤት ሳትወጪ ደግሞ ድረ ገጹ ላይ ስለ ሳጥኑ የተጻፈውን አንብቢ። መጠኑ ተጽፏል፦ «ማይክሮ» ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ነው፣ የድሮ ፊልም ማስቀመጫ ብልቃጥ ያህል። «ስሞል» እስከ 1 ሊትር፣ «ሬጉላር» እስከ 20 ሊትር ይሄዳል። ብልቃጥ ነው ወይስ ባልዲ የምትፈልጊው የሚለውን ሳያውቁ መውጣት ግማሽ ቀን ያስበላል። ፍንጩ የሚጻፈው እያንዳንዱ የላቲን ፊደል 13 ቦታ ርቆ ባለው ፊደል እየተተካ ስለሆነ ትርጉም የለሽ ይመስላል፤ የጨዋታው የስልክ መተግበሪያ (አፑ) ላይ አንዴ ስትነኪው ይፈታል። ቀደም ብለው ያገኙት ሰዎች የጻፉትንም እዪ። የመጨረሻዎቹ አራት ሰዎች «አላገኘሁም» ካሉ ሳጥኑ ጠፍቶ ይሆናል። አንቺም ካጣሽው «አላገኘሁም» ብለሽ ጻፊ። ብዙዎች ያፍራሉ፣ ነገር ግን ባለቤቱ ሄዶ እንዲያይ የሚያደርገው ያ ጽሑፍ ነው።

እጅሽን ወደማታዪው ጉድጓድ አትስደጂ፣ ጓንት ይኑርሽ። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ጫካ ውስጥ ሳማ አለ፤ ያገራችን ሳማ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ማቃጠሉን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን አብረውን መውጣት ይፈልጋሉ።

ይውጡ እንጂ! እያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የፍለጋው አስቸጋሪነት፣ ሌላው የመሬቱ። ሁለቱም ከ1 እስከ 5 ናቸው። የመሬቱ ቁጥር 1 ከሆነ በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረስበት ማለት ነው። 1.5 ብዙ ጊዜ አጭርና ደልዳላ መንገድ ነው። እማማን ይዛችሁ በ1 ጀምሩ። የኔ አክስት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እኛ ያላየነውን በከዘራቸው ያሳዩን ቀን አለ።

ጥያቄ፦ በግልጽ ልጠይቅ። ጥቁር ሰው ሆኜ የነጭ ሰፈር ውስጥ ቁጥቋጦ ስበረብር ፖሊስ ቢጠራብኝስ?

ወንድሜ፣ ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙዎቻችን በሆዳችን ይዘነው ነው የምንዞረው። እኔን ሁለት ጊዜ ፖሊስ አነጋግሮኛል። ሁለቱንም ጊዜ እጄ እንዲታይ አድርጌ ቆሜ፣ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ተናገርኩ፣ ሲፈቀድልኝም አፑን አሳየሁ። አንደኛው ፖሊስ ጨዋታውን ያውቀው ነበር። ቢሆንም ሁሉም እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልነግርህም። እኔ የያዝኩት መንገድ ይኸውልህ፦ በቀን እወጣለሁ፤ ከመኖሪያ ቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከልጆች መጫወቻ አጠገብ ያለውን እተወዋለሁ፤ መናፈሻና የእግር ጉዞ መንገድ እመርጣለሁ። ልብህ ከከበደህ ትተኸው ሂድ፣ የትኛውም ሳጥን ለዚያ ጭንቀት አይበቃም።

የምትደብቁም ይህን አስቡ። በ2011 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ዌዘርቢ በምትባል ከተማ ካፌ ደጃፍ የተደበቀ ሳጥን ቦምብ መስሎ መንገድ ተዘግቶ ባለሙያዎች አፈንድተውታል። ሳጥኑ ላይ ምንነቱን በግልጽ ጻፉ። ከተማ ውስጥ ከሆነ ውስጡን የሚያሳይ ዕቃ ይሁን፣ ቱቦ ቅርጽ ያለው ነገር በፍጹም አይሁን።

ጥያቄ፦ 60 ያህል አግኝቻለሁ፣ አሁን የራሴን መደበቅ እፈልጋለሁ። ጥሩ ሳጥን የሚባለው ምን ዓይነት ነው?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ሳጥኑን ከመግዛትህ በፊት ቦታውን ምረጥ። ሰው ሥራውን ትቶ፣ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ልጆቹን አስከትሎ ሲመጣ ምን ያያል? አንድ አሮጌ ድልድይ፣ ሰው የማያውቀው የባሕር ዳር እይታ፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዝግባ፣ አንድ ታሪክ ያለው ድንጋይ ይበቃል። ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ውስጥ የመብራት ምሰሶው ሥር ያለው የብረት ሽፋን ይነሳና ከሥሩ ብልቃጥ ይገኛል፤ እንደዚህ ያለው በሺህ የሚቆጠር ነው። ቁጥር ለሚሰበስብ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ከፍለው የሚጠቀሙ አባላት በየአሥሩ ግኝት አንድ የአድናቆት ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ያቺን ነጥብ ለመኪና ማቆሚያ የሚሰጥ አላየሁም።

የኔ የመጀመሪያው ሳጥን ጥፋት ነበረበትና ልንገርህ። የፊልም ብልቃጥ ወስጄ አንድ ጫካ ውስጥ፣ ከመንገዱ 15 ሜትር ገባ ብሎ፣ ፈርን በሚባለው የጫካ ተክል መሀል ከግንድ ሥር ደበቅሁት። ከባድ እንዲሆን ብዬ ፍንጭም አልሰጠሁም። በሦስት ወር ውስጥ ፈላጊው ሁሉ ሲበረብር ፈርኑ ተረግጦ መሬቱ ራቁቱን ቀረ። መዝገቡም በዝናብ ቦክቶ ገንፎ ሆኖ ነበር። ያን መሬት ያየሁ ቀን ዘግቼው ብልቃጡን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ሁለትና ሦስት እርምጃ ብቻ የራቀ፣ ቢረገጥ የማይጎዳ ቦታ እመርጣለሁ፤ ድንጋይና የወደቀ ግንድ ጥሩ ናቸው። ከባድ ማድረግ ከፈለግህ ሰውን በብልሃት አስቸግረው፣ ሳሩን አታስጨርሰው። መቆፈርና ዛፍ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው።

ኮኦርዲኔቱን አንዴ ለክተህ አትሂድ። በተለያየ ቀን፣ ከተለያየ አቅጣጫ እየመጣህ አምስት ስድስቴ ለካና አማካዩን ውሰድ። ከዚያ በጻፍከው ቁጥር እንደ እንግዳ ሰው ተመልሰህ ራስህ ፈልገው። ከደቂቃው ነጥብ በኋላ ያለው ሦስተኛ አሃዝ ወደ ሰሜንና ደቡብ 1.85 ሜትር ያህል ነው፣ ስለዚህ አንድ አሃዝ መሳሳት እንኳ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ፈቃድም ጠይቅ። እዚህ የዋሽንግተን ስቴት ፓርኮች ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ያለ ፈቃድ ሳጥን ማኖር አይቻልም። መጠየቅ የሚያስፈራን ብዙ ነን፤ እኔ ግን ደብዳቤ ጽፌ ጥሩ መልስ ያገኘሁበት ጊዜ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ደብቄ ላክሁ፣ «ከሌላ ሳጥን ጋር ተቀራርቧል» ብለው መለሱብኝ። ካርታው ላይ ግን አጠገቡ ምንም የለም!

በሁለት ሳጥን መሀል ቢያንስ 161 ሜትር መኖር አለበት። ካርታው ላይ የማታዪው፣ እንቆቅልሽ ተፈትቶ ብቻ የሚገኝ ሳጥን ወይም አንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየመራ የሚሄድ ፍለጋ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ወደፊት ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ኮኦርዲኔቱን ለገምጋሚው (አዲስ ሳጥን አይቶ ለሚያጸድቀው ሰው) ልከሽ «ይህ ቦታ ነፃ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ይነግሩሻል።

ጥያቄ፦ የትኛው ዕቃ ዝናብ ይችላል?

ዙሪያውን ላስቲክ ያለውና በአራት ጎን የሚቆለፈው የምግብ ሳጥን፣ ወይም የጦር ሠራዊት የጥይት ሣጥን (ጽሑፉ ተቀብቶ ይጥፋ)። ተራ ክዳን ያለው ፕላስቲክ አንድ ክረምት አይዘልቅም። መዝገቡን ዚፕ ባለው ከረጢት ክተቱት፤ እርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ በብርድ እምቢ ይላል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከረሜላ ሊከቱበት ፈለጉ፣ ይቻላል?

ምግብ አይገባም። አውሬ አሽትቶ ሳጥኑን ይሰባብረዋል። የመጀመሪያው ባልዲ ባቄላ ነበረው ብዬ ነበር አይደል? ያ ቆርቆሮ ዛሬም አለ፣ በየስብሰባው እየዞረ ሰው ያየዋል፤ ደንቡ ግን ተለውጧል። ልጆች የወሰዱትን ያህል ወይም የተሻለ ይተኩ፦ ትንሽ መኪና፣ የእጅ አምባር፣ ያገር ቤት ሳንቲም። የኔ ሴት ልጅ የ25 ሳንቲም ናስ መሳይ ሳንቲም ትታ ነበር፣ ያገኘው ሰው ስለ አንበሳው ጠይቆ ጻፈልን።

ጥያቄ፦ ቁጥር የተቀረጸበት የብረት መለያ አገኘሁ፣ የኔ ነው?

አይደለም፣ መንገደኛ ነው። ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ አስገብተህ ባለቤቱ የት እንዲደርስለት እንደፈለገ አንብብና ወደሚቀጥለው ሳጥን አድርሰው።

ጥያቄ፦ ለገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እንጦጦ ላይ አንድ ልደብቅ?

ፍላጎትህ ይገባኛል፣ እኔም ተመኝቻለሁ። ግን ለእረፍት ሄዶ ደብቆ መመለስ አይፈቀድም፤ ሳጥኑ ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ደርሶ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። እዚያ የሚኖር፣ ጨዋታውን የሚወድ ዘመድ ካለህና ኃላፊነቱን ከወሰደ ሌላ ነገር ነው። የቦታውን አስተዳዳሪም መጠየቅ ግድ ነው። የማይታወቅ ሳጥን ተደብቆ መገኘት ሰውን ያስደነግጣል፣ የጥበቃ ሰዎች ቢቆጡም ልክ ናቸው።

የተሻለ ሐሳብ አለኝ። «ኧርዝካሽ» የሚባል ዓይነት አለ፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሳጥን የለውም። ሰውን ወደ አንድ የመሬት አፈጣጠር ትወስደዋለህ፣ እዚያው ቆሞ አይቶ የሚመልሰው ጥያቄ ትጠይቀዋለህ። ቢሾፍቱን አስብ፦ ሐይቁ የተኛበት ጎድጓዳ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈረው ነው። ዳሩ ላይ ቆሞ የገደሉን ንብርብር እያየ «ይህ አመድ እንዴት እዚህ ደረሰ?» ብሎ የሚያስብ እንግዳ ቢመጣ ደስ አይልም? ለዚህም ፈቃድ ይጠየቃል፣ ቦታውንም ራስህ ሄደህ ማጥናት አለብህ። ነገር ግን የሚሰበር ሳጥን የለም።

ጥያቄ፦ ከሚኒሶታ ሲያትል እመጣለሁ፣ የት የት ልሂድ?

የዋናው ድረ ገጽ መሥሪያ ቤት እዚሁ ፍሪሞንት ሰፈር ነው፣ የራሱ ሳጥን አለው። የመጀመሪያው ባልዲ የነበረበት ቢቨርክሪክ ዛሬ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሎበታል፤ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ነው። ሦስተኛው ስኖኳልሚ ከተባለው የተራራ ማለፊያ አጠገብ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ለአንድ ፊልም ማስታወቂያ ከተደበቁት አንዱ ሲሆን በ2011 እ.ኤ.አ. ተሰረቀ፤ ዕቃው ከዓመታት በኋላ ተገኝቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰዎች ሦስቱን ባንድ ጉዞ ለማድረስ ከሩቅ ይመጣሉ።

ወደዚህ ሳጥን የሚሄደው ብዙ ሰው በድሮው የባቡር ዋሻ ውስጥ በእግሩ አልፎ ነው። ርዝመቱ 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሙቀቱ ወራትም ይበርዳል፣ ከጣራውም ውሃ ይንጠባጠባል። የራስ መብራት፣ ትርፍ ባትሪና ጃኬት ያዝ። በበረዶው ወራት ስለሚዘጋ ከሜይ በኋላ ና። ሐምሌ ላይ ከመጣህ አስቀድመህ ጻፍልኝ፣ ቅዳሜ ከሆነ አብሬህ እሄዳለሁ።